የተቀመጠ አይነሳም፦ የእትዬ ቆዩ የሕይወት ታሪክ

ሁላችንም እትዬ ቆዩ እያልን የምንጠራቸው እናታችን፣ እህታችን፣ አክስታችንና የሥራ ባልደረባችን፣ የዛሬ ሰባ አንድ ዓመት በሐምሌ ወር፣ የአውቶቡሱ መንገድ በሚያልቅባት ትንሽ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በአውቶቡስ ተራ ሻንጣ ተሸካሚ፣ እናታቸው በቤታቸው በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከአምስት ልጆች አራተኛዋ ሲሆኑ፣ እናታቸው ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናቸውን ሲረግጡ ስለሚውሉ አዝለው ያሳደጓቸው ታላቅ እህታቸው ናቸው። እህታቸውም ራሳቸው ገና የሰባት ዓመት ልጅ ስለነበሩ፣ ያዘለችውም የታዘለችውም እኩል ያለቅሱ ነበር እየተባለ በቤተሰቡ ዘንድ እስከ ዛሬ ይሳቃል።

አባታቸው ማታ ወደ ቤት ሲገቡ ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ የዕለቱን ሻንጣዎች መንገድ ያወሩ ነበር፤ ይኸኛው ወደ ወደቡ፣ ያኛው ወደ ሆስፒታሉ፣ ያ በገመድ የታሰረው ደግሞ የት እንደሆነ እንጃ እያሉ። «ሻንጣ ሁሉ የሚሄድበትን ያውቃል፤ የማያውቀው ተሸካሚው ነው» የምትለው የአባታቸው አነጋገር ከእትዬ ቆዩ አፍ አትጠፋም ነበር።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱባት ከተማ አጠናቀቁ። ሁለተኛ ደረጃ በአካባቢው ስላልነበረ፣ ታላቅ እህታቸው በመድን ድርጅት ውስጥ ታይፒስት ሆነው ወደ ተቀጠሩበት ትልቅ ከተማ ተሻገሩ። ሁለቱ እህትማማቾች በአንድ ክፍል፣ በአንድ አልጋና በአንድ ካፖርት ኖሩ። ካፖርቱ ቀድማ ለነቃችው ነበር። እህታቸው ከደመወዛቸው ላይ ቆርሰው ደብተርና ጫማ እየገዙ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አስተምረዋቸዋል። በሒሳብ ደህና፣ በስፖርት ግን የለየላቸው ሰነፍ እንደነበሩ ራሳቸው አይደብቁም ነበር።

በሃያ ሁለት ዓመታቸው፣ እህታቸው ትዳር ይዘው ባሕር ማዶ ሊሄዱ ሲሉ፣ ሊሸኟቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ኤርፖርት ረገጡ። ያዘለቻቸው ጀርባ በመስታወቱ በር አልፋ ስትሄድ እዚያው ቆመው አለቀሱ። ዐይናቸውን እየጠረጉ ሲወጡ ከመውጫው አጠገብ የተለጠፈ የሥራ ማስታወቂያ አዩ። ዘመድ ሲጠይቃቸው፣ «እህቴን የወሰደብኝ ቤት ደመወዝ ይክፈለኝ ብዬ ገባሁ» ይሉ ነበር። መጀመሪያ ሻንጣ እየመዘኑ ሁለት ዓመት ሠሩ፤ ከዚያም ወደ መሳፈሪያ በር ተዛወሩና ዕድሜያቸውን ሁሉ በዚያ በር ላይ አሳለፉ።

እዚህ ላይ የአየር መንገዱን ቤት ለማታውቁ አንድ ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል። የአየር መንገድ ሠራተኛና ቤተሰቡ ትኬት በነጻ ወይም በነጻ አንድ ሐሙስ በቀረው ዋጋ ያገኛል። የሚሳፈረው ግን ከፋዩ መንገደኛ ሁሉ ገብቶ ወንበር ከተረፈ ብቻ ነው። በደንቡ ስሙ ተጠባባቂ ነው፤ ሠራተኛው ግን እንደ ታክሲው አነጋገር «ትርፍ» ይለዋል። ሻንጣ ጫኞቹ ደግሞ በራሳቸው እየቀለዱ፣ «እኛ ትርፍ አንጀት ነን፤ ካላመምን ማንም አያስታውሰንም» ይላሉ። ምናልባት የሚተርፈው ወንበር ከፊተኛው ክፍል ሊሆን ስለሚችል፣ ትርፍ የሆነ ሁሉ አምሮ መልበስ አለበት። በዚህም የተነሳ ጫኞቹ የጋራ የሆነች አንዲት ክራቫት ነበረቻቸው። ቋጠሮዋን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ስለነበረ፣ ሳትፈታ ከአንገት አንገት እየዞረች ከእነርሱ ሁሉ የበለጠ አገር ያየች ክራቫት ነበረች።

ትርፍ ሁሉ ግን እኩል አልነበረም። የቆየው ደንብ ቅድሚያውን በሥራ መደብ ነበር የሚሰጠው። አብራሪዎችና ቤተሰባቸው ከፊት፣ ቀጥሎ ቴክኒሻኖች፣ ቀጥሎ የበረራ አስተናጋጆች፣ ከዚያ የቢሮ ሰዎች፣ ከዚያ የበር ሠራተኞች፣ ከዚያ ጫኞች፣ ከሁሉም በታች የጽዳት ሠራተኞች። ትናንት የተቀጠረ ረዳት አብራሪ ያገባት ሙሽራ፣ ሃያ ዓመት ያገለገለን ጫኝ ቀድማ ትገባለች። ከዚያም የባሰ ነገር ነበር፤ አንድ ሰው ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ ቀበቶውን አስሮ ሳለ እንኳ፣ በሩ እስካልተዘጋ ድረስ ከእሱ በላይ የሆነ መደብ ከመጣ ይነሳል። ይህንንም የሥራ ቋንቋው «ማንሳት» ይለዋል። ስንት እናት በሰው ሁሉ ፊት ሻንጣዋን ከላይ አውርዳ፣ መሬት መሬት እያየች በመተላለፊያው ወደ ኋላ ተመልሳለች።

ቆዩ የሚለው ስም የወጣላቸው በዚህ በር ላይ ነው። ካፒቴንም ይምጣ ጫኝ፣ ወደ ጠረጴዛቸው ሲጠጋ የሚሰማው መልስ አንድ ነበር፦ ቆዩ። ሌላው ሠራተኛ ቆዩ ሲል ሰው ተስፋ ቆርጦ ይቀመጣል፤ እሳቸው ቆዩ ሲሉ ግን ሰው ሊሳፈር ሻንጣውን ያነሳ ነበር ይባላል። ባለቤታቸውም የተጠመዱት በዚችው ቃል ነው። እኚህ የአውሮፕላን ሞተር ቴክኒሻን ወላጆቻቸውን ሊጠይቁ በመጡ ቁጥር አውሮፕላኑ እየሞላ ቆዩ ሲባሉ ሰነበቱ፤ በመጨረሻ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ ብለው፣ «እንግዲህ ካስቆዩኝ አይቀር ዕድሜ ልኬን ያቆዩኝ» አሉ። እትዬ ቆዩ በሃያ ስድስት ዓመታቸው ከእሳቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። ቤታቸው ሦስት ክፍል ነበረች፤ በሯ ላይ ሁልጊዜ የሞተር ዘይት የሚሸት ጥንድ ቡትስ ከጥንድ ጥቁር ሴት ጫማ ጎን ይቀመጥ ነበር። ወንድማቸው በሞተ ጊዜ ልጁን ወስደው ከልጆቻቸው ሳይለዩ አሳደጉት፤ ለአራተኛው አልጋ ቦታ ያገኙት የራሳቸውን ቁምሳጥን ኮሪደር ላይ በማውጣት ነበር።

በትዳራቸው መጀመሪያ አካባቢ ታላቅ እህታቸውን ሊጠይቁ በባለቤታቸው ትኬት ተጉዘው ነበር። በራሳቸው ስም ቢሄዱ የበር ሠራተኛ ናቸው፣ ይቀራሉ፤ በባላቸው ስም ግን የቴክኒሻን ጥገኛ ናቸው፣ ይገባሉ። ያን ቀን ከእሳቸው አስቀድማ የተቀጠረች የበር ባልደረባቸው ቦታ አጥታ ስትመለስ እሳቸው አልፈዋት ገቡ። ከጉዞው ተመልሰው የእህታቸውን ደህንነት ለቤተሰቡ ካወሩ በኋላ፣ «መንገዱ ግን አልጣመኝም» አሉ። ከዚያ ወዲያ በጥገኛነት አልሄዱም። በራሳቸው ስም ደጋግመው ሞከሩ፤ ያ መስመር ሁልጊዜ ሙሉ ስለሆነ ደጋግመው ከራሳቸው በር ተመለሱ።

ሥራ በጀመሩ በሃያ ሁለተኛው ዓመት ስማቸውን ያስጠራው ቀን መጣ። ከጽዳት ሠራተኞቹ አንዷ፣ ባሕር ማዶ ያለችው ልጃቸው የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስለተቃረበች፣ በትርፍነት ሊሄዱ መጡ። አንድ ወንበር ተረፈ። ከኋላ መጸዳጃው አጠገብ ያለችው፣ መደገፊያዋ ወደ ኋላ የማይንጋለለው ናት፤ ቢሆንም ወንበር ናት። እትዬ ቆዩ ባልደረባቸውን በደስታ አስገቡ። በሩ ሊዘጋ ሲል የዋናው ካፒቴን ታናሽ ወንድም እየሮጠ ደረሰ። ካፒቴኑ የአብራሪዎቹ ሁሉ አለቃ ሲሆኑ፣ ፊታቸው ከጠቆረ ዝናብ አይቀርም ስለሚባል ሠራተኛው ደመናው ይላቸው ነበር። ወንድምየው የሚሄደው ሊገዛ ያሰበውን መኪና ለማየት ነው። የፈረቃ ኃላፊው ደንቡን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ወደ እትዬ ቆዩ ዞሮ ወደ አውሮፕላኑ ውስጥ በአገጩ እያመለከተ፣ «አንሷት» አለ።

እትዬ ቆዩ ገቡ። የጽዳት ሠራተኛዋ አዲስ ሹራባቸውን ለብሰው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ባጸዱት አውሮፕላን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀምጠዋል። ተቀምጠዋል ቢባልም እጃቸው አላረፈም፤ ከፊታቸው ያለውን የወንበር ኪስ አጽድተው፣ ከጎናቸው ያለው መንገደኛ የጣለውን ወረቀት ለቅመው፣ የሰውየውን ብርድ ልብስ ሳይቀር አጥፈውለታል። የጽዳት ሰው መንገደኛ ሲገባ መውጣት ልማዱ ስለሆነ፣ የበሯን ሠራተኛ ዩኒፎርም ገና ከሩቅ ሲያዩ፣ ማንም ሳይናገራቸው ቀበቶውን ፈትተው ይቅርታ እየጠየቁ መነሳት ጀመሩ። እትዬ ቆዩ በኋላ እንዳጫወቱን፣ ልባቸውን የቆረጠው የካፒቴኑ ወንድም ትዕቢት አልነበረም፤ ሳይባሉ የተነሱት የባልደረባቸው ፍጥነት ነው። ትከሻቸውን ይዘው መልሰው አስቀመጧቸው።

«ቁጭ በይ እህቴ። እኔ የመጣሁት ቀበቶሽን ለማየት ነው» አሏቸው። ቀበቶውንም በገዛ እጃቸው አሰሩላቸው።

ከዚያ ወጥተው የፈረቃ ኃላፊውን፣ «ፈለግሁ፤ ትርፍ ሰው አላገኘሁም» አሉት። የመጨረሻዋ ወንበር ላይ ያለችውስ ብሎ ሲጠይቃቸው፣ እሷ ትርፍ አይደለችም፣ ተቀምጣለች ብለው በሩን በእጃቸው ዘጉ። አውሮፕላኑ ተነሳ። የካፒቴኑ ወንድም መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ቀረ። የጽዳት ሠራተኛዋም ልጃቸው ሳትወልድ ደረሱ፤ የተወለደችውም ሕፃን ዛሬ አድጋ ከእኛው መካከል ቆማለች።

ደመናው ግን ዘነበ። የአብራሪዎቹ ማኅበር ክስ አቀረበ። እትዬ ቆዩ በተጠየቁ ጊዜ ደንቡን አላውቅም አላሉም፤ አውቀው እንደጣሱት በግልጽ ተናገሩ። ከበሩ ላይ ተነስተው ምድር ቤት ወደሚገኘው የጠፋ ዕቃ ክፍል ተዛወሩ፤ በራሳቸው ስም የሚያገኙት ነጻ ትኬትም ለሁለት ዓመት ታገደ። የጠፋ ዕቃ ክፍል መስኮት የሌለው፣ ባለቤት ያጡ ሻንጣዎች እስከ ጣሪያው የተደረደሩበት፣ ቀኑን ሙሉ ሰው የሚቆጣበት ቦታ ነው። እሳቸው ግን የተቆጣውን ሰው ሁሉ ወንበር ስበው እያስቀመጡ ስለሚያናግሩ፣ ሊሳደብ የመጣው ሳይቀር የልጆቹን ፎቶግራፍ አሳይቶ ይሄድ ነበር።

ሠራተኛው ግን በሁለት ተከፈለ። ጫኞቹና የጽዳት ሠራተኞቹ አንድ ላይ ሆነው፣ የተቀመጠ አይነሳም የሚል አቤቱታ አነሱ፤ ቅድሚያውም በሥራ መደብ መሆኑ ቀርቶ በአገልግሎት ዘመን ይሁን አሉ። የምድር ሠራተኞች በሙሉ እትዬ ቆዩን ወኪላቸው አድርገው መረጡ። አብራሪዎቹም ቢሆኑ ያለ ምክንያት አልተቃወሙም። ወሩን ሙሉ ከቤታችን ርቀን ስለምንኖር፣ ለሚስትና ለልጅ የምንክሰው በዚህች ትኬት ነው ይሉ ነበር፤ እትዬ ቆዩም በስብሰባው ላይ ይኸ እውነት ነው ብለው መስክረውላቸዋል። አስተናጋጆቹ፣ ከአብራሪ ጋር ሰማይ ላይ አብረን በር ላይ ለየብቻ ነን ብለው አኩርፈው ነበር፤ ያም ሆኖ ከምድር ሠራተኛ ጋር መሰለፉ ከበዳቸው። ቴክኒሻኖቹ ሁለተኛ ናቸውና ዝም አሉ። የእትዬ ቆዩ ባለቤት በሥራ ቦታቸው ጓደኞቻቸው ሚስትህን ምከራት ሲሏቸው፣ ሞተር ነው እንጂ እሷን መጠገን አልተማርኩም ይሉ ነበር።

በመጀመሪያው ድምፅ አሰጣጥ አቤቱታው ተሸነፈ።

በዚያው ዓመት የታላቅ እህታቸው የበኩር ልጅ ሠርግ ደረሰ። እህታቸው እሷን ሳላይ ልጄን አልድርም ብለው ደጋግመው ደወሉ። የእትዬ ቆዩ የራሳቸው ትኬት ታግዷል፤ የባለቤታቸው ግን አልታገደም። በጥገኛነት ቢሄዱ ከእነ ጫኞቹ ሁሉ ቀድመው ይገባሉ። ባለቤታቸው ትኬቱን አስቆርጠው ይዘው መጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ያን ምሽት በዚያች ሦስት ክፍል ቤት ውስጥ የሆነውን ልጆቹ ሁሉ ያስታውሳሉ።

ባለቤታቸው፣ «አንቺ ሴት፣ እህትሽ እኮ ናት፤ አዝላ ያሳደገችሽ» አሉ።

እትዬ ቆዩ ትኬቱን አንስተው ብዙ ጊዜ አዩት። «እሷ ያዘለችኝ ሰው ላይ እንድረማመድ አይደለም» አሉ። «ዛሬ በአንተ ስም ጫኞቹን አልፌ ብገባ፣ ነገ ስብሰባ ላይ ምን አፍ ይኖረኛል?»

ባለቤታቸው ትኬቱን ወስደው መለሱት። ሠርጉ ያለ እሳቸው አለፈ። ዘመድ አዝማድ ግትር አላቸው፤ ለሰው ስትል የገዛ ሥጋዋን የምትተው ምን ዓይነት ናት ተባለ። ታላቅ እህታቸው ስልክ መደወል አቆሙ። እትዬ ቆዩ ሲደውሉም የሚያነሳው ባልየው ነበር፤ ተኝታለች ይላቸዋል። እዚህ ቀን ሲሆን እዚያም ቀን መሆኑን እያወቁ፣ እሺ ስትነቃ እህትሽ ደውላለች በልልኝ ብለው ይዘጋሉ። በሕይወታቸው ከባዱ ጊዜ ይኸ ነበር። አልሸሸጉትም፤ ሻንጣዎቹ መካከል ብቻቸውን ሲያለቅሱ ያገኛቸው ጫኝ፣ ያቺን የጋራ ክራቫት ከኪሱ አውጥቶ እንባቸውን እንዲጠርጉባት እንደሰጣቸው ይናገሩ ነበር። ቋጠሮዋ ዐይኔን ሊያጠፋው ነበር ብለው እየሳቁ ነበር የሚጨርሱት።

የትኬቱ እገዳ ባለቀበት ዓመት ወደ በራቸው ተመለሱ። በዚያው ዓመት ዋናው ካፒቴን ጡረታ ወጡ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ ደመናው ግን በልተው ነበር፣ ያላወቁት ሳህኑ የማን እንደሆነ ነው። በቆየው ደንብ ጡረተኛ መደብ የለውምና ከጽዳት ሠራተኞችም በታች ይወርዳል። ካፒቴኑ ከባለቤታቸው ጋር የልጅ ልጅ ሊያዩ በትርፍነት መጡ። ኮፍያ የለም፣ በትከሻቸው ላይ ያለው ወርቃማ መስመር የለም፤ ከጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጡት ደግሞ እትዬ ቆዩ ናቸው። ጫኞቹ ይህን ሊያዩ ምክንያት እየፈጠሩ በዚያ ማለፍ ጀመሩ፤ አንዱማ «እትዬ፣ ዛሬ ደመናው መሬት ላይ አረፈ አይደል» ብሎ ተሳለቀ። እትዬ ቆዩ ተቆጥተው ወደ ሥራው ሰደዱት። ለካፒቴኑም ለማንም የሚሉትን ነው ያሏቸው፤ ቆዩ።

ካፒቴኑ ያን ቀን ተመለሱ። በማግስቱም ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በፊት፣ ተጠባባቂዎች በሚቀመጡበት የፕላስቲክ አግዳሚ ላይ፣ በአንድ ጫኝና በአንድ ጠራጊ መካከል ተጣበው ሳሉ፣ እትዬ ቆዩ ፈረቃቸውን ጨርሰው ሄደው አጠገባቸው ተቀመጡ። ካፒቴኑ እስከዚያ ቀን አንቺ እያሉ ሲያዟቸው የኖሩትን ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ እርስዎ ብለው አናገሯቸው።

«እኔ እኮ ወንበሩ የራሴ ይመስለኝ ነበር። ለካ የኮፍያው ኖሯል» አሉ። «ያን ጊዜ በእርስዎ ላይ ክሱን የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አሉ እትዬ ቆዩ። «አሁን ደግሞ ሌላ የሚፈርሙት ነገር አለኝ።»

በቀጣዩ ስብሰባ ካፒቴኑ በግራጫ ሙሉ ልብስ መጥተው ከምድር ሠራተኞቹ ጎን ተቀመጡ። ሥልጣን በጡረታ ይወርዳል፣ የአገልግሎት ዘመን ግን ከሰው ላይ የሚወርድ አይደለም፤ እኔን ያልጠበቀኝ ደንብ እናንተንም አይጠብቃችሁም ብለው ለገዛ ጓደኞቻቸው ተናገሩ። ቴክኒሻኖቹ እርስ በርስ ተያዩና የአገልግሎት ዓመታቸውን በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ፤ ለካ በቤቱ ረጅም አገልግሎት ያላቸው እነርሱው ኖረዋል። ፍትሕ ነው ብለው የጮኹት ቆጥረው ከጨረሱ በኋላ ነው፤ የእትዬ ቆዩ ባለቤትም ይህን በቤታቸው ሲያወሩ አላፈሩም፣ ከሁሉ ቀድሜ የጨረስኩት እኔ ነኝ ይሉ ነበር። አስተናጋጆቹም እጃቸውን አወጡ። አብራሪዎቹ በተቃውሞ ድምፅ ሳይሰጡ ቀሩ። አቤቱታው አለፈ፤ ቅድሚያው በአገልግሎት ዘመን ሆነ፣ ጡረተኛም ዘመኑን ይዞ ቀረ፣ አንዴ ተሳፍሮ የተቀመጠ ተጠባባቂም ማንም ቢመጣ አይነሳም ተባለ።

አዲሱ ደንብ ግድግዳው ላይ በተለጠፈበት ቀን ጫኞቹ እትዬ ቆዩን በሻንጣ ጋሪ ላይ አስቀምጠው፣ በመጎተቻው መኪና እየሳቡ በአውሮፕላኖቹ ፊት ለፊት አዞሯቸው። የጽዳት ሠራተኞቹ መጥረጊያቸውን እንደ ሰንደቅ ሰቅለው ከኋላ ተከተሉ። የጥበቃ ኃላፊው ምን ጉድ ነው ብሎ እየሮጠ ሲመጣ፣ ከላይ ሆነው ባለቤት ያጣ ዕቃ ነኝ፣ ወደ ክፍሌ እየመለሱኝ ነው ብለውታል። ሳቁ እስከ ሞተር ጥገናው ክፍል ተሰማ። ባለቤታቸው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ወጥተው ሲያዩአቸው፣ ጎበዝ፣ ሚስቴን አዝላችኋታል፣ እንዳትጥሏት ብለው አጨበጨቡ።

እትዬ ቆዩ በአዲሱ ደንብ የመጀመሪያ ጉዟቸውን ያደረጉት ማንን ሊጠይቁ እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። ለእህታቸው አልነገሩም። በራሳቸው ስም፣ በራሳቸው ዘመን፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ተራቸውን ጠበቁ። ያን ቀን የተረፈው አንድ ወንበር ከፊተኛው ክፍል ነበር። ባልደረቦቻቸው መስኮቱ አጠገብ አስቀመጧቸው፤ ደመናው ከላይ ሲታይ የታጠበ የበግ ጠጉር ፀሐይ ላይ እንደተዘረጋ ይመስላል ብለው ሲያወሩ፣ የሚሰማቸው ሰው አብሮ የበረረ ያህል ይሰማው ነበር። ባሕር ማዶ ደርሰው ከታክሲ ወርደው የእህታቸውን በር አንኳኩ። ታላቅ እህታቸው በሩን ከፍተው፣ ሳይስሙ፣ ሳይስቁ፣ እጃቸውን በበሩ ላይ እንደያዙ ቆሙ።

«በማን ስም መጣሽ?» አሉ።

«በስሜ» አሉ እትዬ ቆዩ።

ታላቅ እህታቸው ከበሩ ላይ እጃቸውን አነሱ። ጎረቤቶቹ የሁለት ትልልቅ ሴቶች ለቅሶ ሰምተው ሰው ሞተ ብለው መጥተው ነበር ይባላል። አንድ ወር ሙሉ አብረው ከረሙ። የሠርጉን ፎቶግራፎች አንድ በአንድ አዩ፤ ሙሽራዋም ለአክስቷ ስትል የሠርግ ልብሷን እንደገና ለብሳ፣ በጠባቧ ሳሎን ውስጥ ከጥግ ጥግ ተራምዳ አሳየቻቸው።

ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ እህታቸውን ጎብኝተዋል። ስልሳ ዓመት ሞልቷቸው ጡረታ እስከወጡ ድረስ በዚያ በር ላይ አገልግለዋል፤ አዳዲስ የበር ሠራተኞችንም አሠልጥነዋል። ለሠልጣኞቻቸው የሚሰጡት ምክር አጭር ነበር፤ ለሰው የለም ከማለታችሁ በፊት ፊቱን እዩት ይሉ ነበር። ውድ ባለቤታቸውን የዛሬ ስድስት ዓመት በሞት ካጡ በኋላ ከልጃቸው ጋር ኖረዋል። ከካፒቴኑ ጋርም፣ ካፒቴኑ እስኪያርፉ ድረስ፣ ቤተሰብ ሆነው ተጠያይቀዋል።

እትዬ ቆዩ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ባለፈው ሐሙስ ማለዳ፣ ልጆቻቸው በዙሪያቸው እንዳሉ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

ታላቅ እህታቸው መርዶውን በሰሙበት ቀን የሚነሳው አውሮፕላን ሙሉ ነበር። በእትዬ ቆዩ የቤተሰብ ትኬት በተጠባባቂነት ቢመጡም፣ የመጨረሻው ትርፍ ወንበር አስቀድሞ ለአንድ ወጣት አብራሪ ተሰጥቶ፣ እሱም ለዕረፍቱ ሊመለስ ገብቶ ተቀምጧል። የሰባ ስምንት ዓመት አሮጊት በሩ ላይ ቆመው የታናሽ እህታቸውን ቀብር ሊደርሱ ሲለምኑ ድምፃቸው እስከ ውስጥ ተሰማ። ወጣቱ ከአስተናጋጇ ማን እንደሆኑ ጠይቆ ቀበቶውን ፈታ። የበሩ ሠራተኛ ደንግጣ ሕጉ አይፈቅድም፣ የተቀመጠ አይነሳም፣ ሥራዬን ታሳጣኛለህ አለችው።

ወጣቱ አብራሪ ሻንጣውን ከላይ እያወረደ፣ «ሕጉ አታንሱ ይላል እንጂ አትነሱ አይልም» አላት።

በዚህም ምክንያት ታላቅ እህታቸው ዛሬ በመካከላችን ይገኛሉ።

እትዬ ቆዩ የአንዲት ሴትና የአንድ ወንድ ልጅ እናት፣ የሦስት ልጆች አያት ነበሩ። ታላቅ እህታቸው፣ ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈው ያሳደጉት የወንድማቸው ልጅ፣ እንዲሁም በሰማይም በምድርም የሚሠሩ ባልደረቦቻቸው በሐዘን ያስቧቸዋል። የደከመን የማይገፋ፣ የመጣን የማይመልስ ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለቤተሰባቸው መጽናናትን፣ ከሩቅም ከቅርብም መጥታችሁ ለሸኛችኋቸው ሁሉ ረጅም ዕድሜን ይስጥልን።